ስለ ማጥመድና ስለ መተው

ሰው ሳይበላ ሊኖር አይችልም፤ የሚበላውም ከአፈር የበቀለ ወይም ነፍስ የነበረው ነገር ነው። ስለዚህ መብላት ኃጢአት ነው ብሎ የሚከራከር ቢኖር ከገዛ ሆዱ ጋር መታረቅ ያቅተዋል። እኔም በዚህ ጽሑፍ የሚበላውን ሰው ለመውቀስ አልተነሣሁም። የምጠይቀው ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም ልንበላው የተፈቀደልንን ፍጥረት በማናቸውም ጊዜና በማናቸውም መንገድ ልንይዘው ተፈቅዶልናልን? የሚል ነው። ጥያቄው በመጽሐፍ ቤት ለሚቀመጥ ሰው የክርክር መለማመጃ ይመስላል። በደምቢያ ግን፣ ከቆላ ድባ በታች ባለው የጣና ዳርቻ፣ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ድረስ በየዓመቱ በውኃ ውስጥ እየዋኘ እስከ ሰው ደጅ ይመጣል።

አስቀድሜ ስለ ዓሣው ልናገር። በጣና ከሚገኙት ዓሦች መካከል የአገሩ ሰው ነጭ ዓሣ የሚለው ወገን አለ። አምባዛም ቆሮሶም በሌሎች የአፍሪካ ውኃዎች ይገኛሉ። የጣና ነጭ ዓሣ ግን ከአንድ ዘር ተነሥቶ 15 ያህል ዓይነት ሆኖ የተከፋፈለው በዚያው በሐይቁ ውስጥ ነው፤ አብዛኞቹም ዓይነቶች በሌላ በማናቸውም የዓለም ውኃ አይገኙም። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ በታች በኩል ያለውን ዓሣ ወደ ላይ እንዳይወጣ ስለሚከለክለው፣ ጣና በሩ እንደ ተዘጋ ግቢ ሆኖ እነዚህን ልጆች ለብቻው አሳድጓል።

ከነዚህ ውስጥ ቢያንስ ሰባቱ ዓይነቶች በጋውን በሐይቁ ኖረው ክረምት ሲገባ እንቁላላቸውን ለመጣል ወደ ወንዞች ይወጣሉ። ከሐምሌ ጀምሮ በወንዞች አፍ ይሰበሰባሉ፤ ከዚያም በጉማራ፣ በርብ፣ በመገጭ፣ በድርማ ሽቅብ ይጓዛሉ። የሚፈልጉት ጠጠር ያለበትን ፈሳሽ ውኃ ነው፤ እንቁላሉ በጭቃ ውስጥ ታፍኖ ይሞታልና። ድርማ በቆላ ድባ አጠገብ የሚያልፍ ወንዝ ነው። መገጭም ለጎንደር ሰው እንግዳ አይደለም፤ በጥምቀት የፋሲልን መዋኛ የሚሞላው ቀሃ ወርዶ የሚገባው ወደ መገጭ ነው። ስለዚህ በከተማው መካከል የሚኖር ወጣት፣ ዓሣ አጥማጅን በዓይኑ አይቶ ባያውቅም፣ የዚህ ነገር ጎረቤት ነው።

በሰሜን አገሮች ሳልሞን የሚባል ዓሣ እንዲሁ ከባሕር ተነሥቶ ወደ ተወለደበት ወንዝ ይመለሳል። በፓሲፊክ ውቅያኖስ በኩል ያሉት ዓይነቶች ወንዝ ከገቡ በኋላ እህል ውኃ ሳይሉ ይጓዛሉ፤ እንቁላላቸውን ከጣሉም በኋላ ይሞታሉ። የእኛ ነጭ ዓሣ ግን አይሞትም። ሥራውን ጨርሶ ወደ ሐይቁ ይመለሳል፤ በሚመጣው ክረምት ደግሞ ይወጣል። እንግዲህ ሽቅብ ሲወጣ የተያዘ ነጭ ዓሣ የሚያጎድለው የዘንድሮውን እንቁላል ብቻ አይደለም፤ የከርሞውንና የዚያን ወዲያውንም ጭምር ነው።

በጥር ወር አንድ ቀን ከቆላ ድባ ተነሥተን ወደ ጎርጎራ በሚወስደው መንገድ ጥቂት ከሄድን በኋላ፣ ከመንገዱ ወርደን በሽምብራ ማሳ መካከል ወደ ሐይቁ ዳር ደረስን። ይዘውኝ የሄዱት ዕድሜያቸውን በዓሣ ማጥመድ የፈጁ አንድ አዛውንት ናቸው። መረባቸውን ማታ ጥለውት ስለ ነበረ ጎህ ሲቀድ በደንገል ታንኳቸው ተሳፍረን ልናነሣው ገባን። የደንገል ታንኳ ውኃ ትመጥጣለች፤ የተቀመጠባትም ሰው ደረቅ ሆኖ አይመለስም። እኔ ቅዝቃዜውን ስቆጥር እሳቸው ዓሣውን ቈጠሩ፤ ስድስት ነጭ ዓሣና ሁለት ቆሮሶ ሆነ። አንዲቱን ነጭ ዓሣ በስንዝራቸው ለኩና «ይቺ ገና ልጅ ናት» ብለው ወደ ውኃው መለሷት። ማንም አላዘዛቸውም፤ ከእኔም በቀር የሚያያቸው አልነበረም።

ዳር ወጥተን እሳት አነደድን። ነበልባሉ እስኪያልፍና እንጨቱ ፍም እስኪሆን ድረስ አስጠበቁኝ፤ ነበልባል ዓሣን ያሳርረዋል እንጂ አያበስለውም አሉ። በዚያ መካከል የዓሣውን ሆድ ቀድደው አጠቡት፤ ጎንና ጎኑንም በቢላዋ ሰነጣጥቀው በጨው፣ በበርበሬና በተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት አሹት። ከዚያ በርጥብ እንጨት ላይ ረበረቡት። ቅባቱ ፍሙ ላይ እየተንጠባጠበ ሲጤስ ረኃቤ ከበፊቱ እጥፍ ሆነ። ትኩሱን በእንጀራ በላነው። ነጭ ዓሣ እሾኹ ብዙ ነውና የሚበላው ሰው ወሬ አያበዛም፤ ምናልባት ለዚህ ይሆናል ዓሣ አጥማጆች ዝምተኞች ናቸው የሚባለው። በዮሐንስ ወንጌል መጨረሻ ምዕራፍ ጌታ ከትንሣኤው በኋላ በባሕር ዳር ፍም አንድዶ ዓሣና እንጀራ ይዞ ደቀ መዛሙርቱን እንደ ጠበቃቸው ተጽፏል፤ በመረባቸውም የወጣው ዓሣ 153 እንደ ነበረ ሳይቀር ተቈጥሯል። እንዲህ ያለ ማዕድ የሚያሳፍር ነው ሊለኝ የሚችል የለም። በደስታ በላሁ፤ ዛሬም ሳስታውሰው ደስ ይለኛል።

ሆዱ ሲቀደድ ግን አንድ ነገር ተመልክቼ ነበር። በዚያ በጥር ዓሣ ሆድ ውስጥ እንቁላል አልነበረበትም። ስጠይቃቸው «የነሐሴውን ብታይ ሆዱ ተወጥሮ ነው» አሉኝ። ቀጥለውም በክረምት በወንዙ አፍ መረብ ከዳር እስከ ዳር እንደሚዘረጋ ነገሩኝ።

«አባቴ፣ እርስዎም ያን ጊዜ ያጠምዳሉ?» አልኋቸው።

«አጥምጄ አውቃለሁ። በነሐሴ ጎተራው ባዶ ነው፤ ጤፉ ገና ቡቃያ ነው። ዓሣው ደግሞ በደጄ ያልፋል። አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር ልጄ?»

ለዚህ ጥያቄ እዚያው ቁጭ ብሎ መልስ መስጠት፣ የሰው እንጀራ እየበሉ የሰውን ችግር ማቅለል ስለ ሆነብኝ ዝም አልሁ። ከዚያ ወዲህ ግን ሳስብበት ቆይቻለሁ።

አንባቢ ሆይ፣ በዚህ ነገር ላይ ብዙ ጊዜ የሚሰማው መከላከያ ሁለት ቃል ነው። አንደኛው፦ «እኔ የምወስደው ጥቂት ነው» የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው፦ «እኔ ብተወው ሌላው ይወስደዋል» የሚል ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። ይህ ስለ መረዳዳት የተነገረ መልካም ቃል ነው። ነገር ግን በደልም እንደ ሎሚው ነው፤ ለሃምሳ ሰው ሲከፋፈል እያንዳንዱ በእጁ የያዘው ጌጥ ይመስለዋል።

አሁን የመጀመሪያውን ቃል በቦታው እንመዝነው። ጣና ከ3000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋ ውኃ ነው። በጥር ወር በዚህ ስፋት ላይ አንድ ሰው ከደንገል ታንኳ ላይ አንድ መረብ ቢጥል የሚወስደው በእውነት ጥቂት ነው፤ ስድስት ነጭ ዓሣና ሁለት ቆሮሶ ነው። በነሐሴ ግን ያ በሰፊው ሐይቅ ተበትኖ ይኖር የነበረው ዓሣ ሁሉ በጥቂት ወንዞች አፍ ይሰበሰባል፤ ድርማን ደግሞ ድንጋይ ወርውሮ የሚሻገር ልጅ አይታጣም። በዚያ ቦታና በዚያ ሰዓት ያው አንድ መረብ ያው አንድ መረብ አይደለም። ሰውየው አልተለወጠም፤ እጁም መረቡም አልተለወጡም፤ የሥራው ክብደት ግን ተለውጧል። ብዙዎቻችን አንድን ሥራ ክፉ ወይም ደግ ስንል ሥራውን ብቻ እንመለከታለን። እኔ የምለው ሰዓቱና ቦታው ከሥራው ውጭ ያሉ ነገሮች አይደሉም ነው። በመኸር ቀን ከዘመድ ጎተራ አንድ ቁና እህል መበደርና ያንኑ አንድ ቁና በዘር ቀን ከዘሩ ላይ ማንሣት በስፍር እኩል ናቸው፤ በገበሬ ዓይን ግን እኩል አይደሉም።

ይህ በግምት ብቻ የተነገረ አይደለም። በጣና የናይሎን መረብና የሞተር ጀልባ የገባው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1986 ነው። ከ1991 እስከ 2001 ባለው ጊዜ ውስጥ ለገበያ የሚያጠምዱት የሚያገኙት ነጭ ዓሣ በ75 ከመቶ ያህል እንደ ቀነሰ ነገሩን በሐይቁ ላይ ያጠኑት ሊቃውንት ጽፈዋል። እነርሱም ትልቁ ምክንያት ዓሣው ለእንቁላል ሲሰበሰብ በወንዝ አፍ መያዙ እንደ ሆነ አመልክተዋል። በፊሊፒንስ አገር ላናኦ የሚባል ሐይቅ አለ። እንደ ጣና ሁሉ እርሱም የዚሁ የነጭ ዓሣ ዘመድ የሆኑ የራሱ ዓሦች ነበሩት። ከሌላ ቦታ በገቡ በላተኛ ዓሦችና ያለ ልክ በመጠመድ ተመናምነው፣ በ2020 ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት 15ቱ ፈጽመው ከምድር እንደ ጠፉ አስታወቀ። ከነዚያ ዓሦች እያንዳንዱን ያጠመደ ሰው የወሰደው ጥቂት ነበር።

በወንዝ ላይ ከመረብም የከፋ ነገር አለ። የብርብራን ፍሬ ወቅጦ በውኃ ውስጥ መበተን በአገራችን የቆየ ልማድ ነው። በፍሬው ውስጥ ያለው መርዝ ዓሣው እንዳይተነፍስ ያደርገዋል፤ ወደ ላይ ሲንሳፈፍም በእጅ ይለቀማል። መረብ ቢያንስ ትንንሹን በቀዳዳው ያሳልፋል፤ ብርብራ ግን የሚበላውንም የማይበላውንም፣ እናቲቱንም ጫጩቱንም አይለይም። አዛውንቱ በስንዝራቸው ለክተው የመለሷት ዓሣ በብርብራ ፊት ስንዝር የላትም።

እዚህ ላይ ከመንገዴ ጥቂት ልውጣ። በጣና ዳር ከጥንት ጀምሮ ደንገል አስረው፣ በታንኳ ተሳፍረው፣ ዓሣ እያጠመዱ የኖሩ ነገደ ወይጦ የሚባሉ ወገኖቻችን አሉ። የጉማሬ ሥጋ ይበሉ ነበር በመባል ብዙ ዘመን ተንቀዋል፤ ማዕዳቸውም ተነውሯል። እንግዲህ አስተውሉ፤ እኛ ሰውን ንጹሕ ወይም ርኩስ ስንል የኖርነው በሳህኑ ላይ ያለውን የሥጋ ዓይነት አይተን ነው። ያ ሥጋ እንዴትና መቼ እንደ ተገኘ ግን የጠየቀ አልነበረም። በብርብራ የተለቀመ ዓሣ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ቢቀርብልን «ይህ ንጹሕ ነው» ብለን እጃችንን እንታጠብለታለን።

ጥያቄው ግን ለአባቶቻችን አዲስ አልነበረም። በኦሪት ዘዳግም ስለ ወፍ ጎጆ የተሰጠ አንድ ትእዛዝ አለ። መንገደኛ በዛፍ ላይ ወይም በምድር ላይ እንቁላሏን ታቅፋ የተቀመጠች ወፍ ቢያገኝ እናቲቱን ከልጆቿ ጋር እንዳይወስድ፣ ይልቁንም እናቲቱን እንዲለቅ ታዟል። ወፍ አትብላ አላለውም፤ የከለከለው ይህችን ወፍ በዚህ ሰዓት መያዝን ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ወፏ ትበር ነበር፤ በዚያን ሰዓት ያላመለጠችው ክንፍ አጥታ ሳይሆን ልጆቿን ትታ መሄድ ስላልቻለች ነው። ነጭ ዓሣም በሐይቁ ውስጥ ብልኅ ነው፤ መረብ አይቶ ይሸሻል፤ ወደ ጥልቁም ይወርዳል። በወንዝ አፍ ግን ወደ ኋላ አይመለስም፤ ከፊቱ መረብ ቢኖርም ደግሞ ደግሞ ይሞክራል። ስለዚህ በጥር ዓሣ የሚይዝ ሰው ዓሣውን በብልሃት ያሸንፈዋል፤ በነሐሴ የሚይዘው ግን ዓሣው ለዘሩ ያለበትን ግዴታ ወጥመድ አድርጎ ይጠቀምበታል። እኔ በሁለቱ መካከል የማየው ልዩነት ይህ ነው፤ በሰው ዘንድም ብናየው አንገትን የሚያስደፋ ነገር ነው። የታመመ ልጅ ያለበትን ሰው በልጁ ሕመም ምክንያት ከብቱን በርካሽ የሚገዛው ነጋዴ የሠራው ያንኑ ነው፤ ገዝቷል እንጂ አልሰረቀም፤ ሆኖም መንደርተኛው ሁሉ ስሙን በምን እንደሚጠራው እናውቃለን።

አሁን ወደ አዛውንቱ ጥያቄ ልመለስ። የዓሣው የግዴታ ወር የገበሬው የረኃብ ወር ነው። በነሐሴና በመስከረም ያለፈው ዓመት እህል አልቆ አዲሱ አልደረሰም። ልጆቹ ፊት ባዶ ሞሰብ ያለበትን ሰው ዓሣ አትያዝ የሚል ሕግ ከየት ይመጣል? ዳዊት በተራበ ጊዜ ለካህናት ብቻ የተፈቀደውን ኅብስት በልቷል፤ ማንም በደለ አላለውም። እኔም አልልም። ነገር ግን ረኃብ የሚጠይቀው ዓሣ በቍጥር የታወቀ ነው፤ የአንድ ቤት ሰው የዕለት ምግብ በመንጠቆም ይገኛል። ወንዙን ከዳር እስከ ዳር የሚዘጋው መረብ የሚጠይቀው ግን ረኃብ አይደለም፤ ገበያ ነው። ገበያውም ያለው በመንደሩ ሳይሆን ወንዙን አይተው በማያውቁ ሰዎች መካከል ነው።

እዚህ ላይ ነገሩ ወደ እኔና ወደ አንተ፣ ወደ ከተማው ሰው ይዞራል። የፍልሰታ ጾም ከነሐሴ 1 እስከ 15 ነው። ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም የሚለው ክርክር የሊቃውንት ስለ ሆነ አልገባበትም፤ የሚበሉ አሉ፤ የማይበሉም አሉ። የሚበሉት ግን፣ ሥጋና ወተት ትተው ዓሣ ሲፈልጉ፣ ዓሣው እንቁላሉን ተሸክሞ በወንዝ አፍ በቆመበት ሳምንት ይሆንባቸዋል። ጾም ማለት ከሚቻለው ነገር በፈቃድ መከልከል ከሆነ፣ በዚያ ሳምንት ሽሮ የሚበላ ሰው ዓሣ ከሚበላው ይልቅ ለቃሉ የቀረበ ይመስለኛል። ይህ የእኔ ፍርድ ነው፤ የማንንም ቀኖና አላስተካክልበትም።

«እኔ ብተወው ሌላው ይወስደዋል» ለሚለው ለሁለተኛው ቃል ደግሞ ክርክር ብቻውን መልስ አይሆንም፤ መልሱ ሥርዓት ነው። በሰሜን አሜሪካ ምዕራባዊ ዳርቻ የኖሩ ነባር ሕዝቦች በዓመቱ የመጀመሪያውን ሳልሞን እንደ እንግዳ በክብር ይቀበሉታል፤ ጠብሰው ለሁሉ ያካፍሉታል፤ አጥንቱንም ወደ ወንዙ ይመልሳሉ። ብዙዎቹም ያ ሥርዓት እስኪፈጸም ድረስ ለቀናት አያጠምዱም ነበር፤ በነዚያ ቀናት ዓሣው ሽቅብ ያልፋል። በስኮትላንድ ከጥንት ነገሥታት ዘመን ጀምሮ የሳልሞን መረብ ከቅዳሜ እስከ ሰኞ ከውኃ እንዲነሣ ሕግ አለ፤ እሑድ ሳልሞንን በመንጠቆ ማጥመድም እስከ ዛሬ ድረስ የተከለከለ ነው። ሕጉ እዚያ ሲወጣ ለሰው የተሰጠውን ሰንበት ለዓሣው ጭምር እንዳወጁለት ነው።

በእኛም አገር በ1995 ዓ.ም. የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ወጥቷል። ነገር ግን አዋጅ በሌሊት በወንዝ ዳር አያድርም፤ የሚያድረው መንደርተኛው ነው። ደግሞ ዓሣ አጥማጁ «ወንዙን ያበላሸሁት እኔ ብቻ ነኝን?» ቢል እውነት አለው። ከ2011 ጀምሮ እምቦጭ በመገጭ መግቢያ በኩል የሐይቁን ሰሜናዊ ዳር ወርሮታል፤ ከተራራው የታጠበው አፈርም እንቁላል የሚያርፍበትን ጠጠር በደለል ይሸፍነዋል። ሆኖም የሌላው ሰው በደል የእኔን መረብ አያጠበውም።

የደምቢያ ሰው በዓላትን ጠብቆ በሬውን ከቀንበር ማሳረፍ ያውቃል፤ በዕድር ተሰብስቦ ውሳኔ መስጠትም ያውቃል። እንግዲህ በወንዝ ዳር ያለ መንደር በዚያው በለመደው ጉባኤ ሁለት ነገር ሊወስን ይችላል፤ በክረምት የትኛውም መረብ የወንዙን ግማሽ ሳያልፍ እንዲቀር፣ ከቅዳሜ ማታም እስከ ሰኞ ጧት ፈጽሞ እንዲነሣ። ከዚህ የሚበልጠውን ሸክም መሸከም ያለበት ግን የጠገበው ገዢ ነው። በነሐሴና በመስከረም በገበያ የቀረበለትን ነጭ ዓሣ ሆዱን አይቶ፣ እንቁላል ካለበት ትቶት መሄድ ይችላል። በጥርና በየካቲት ደግሞ ለዚያው አጥማጅ ጥቂት ጨምሮ መክፈል ይኖርበታል፤ አዛውንቱ በዚያ ገንዘብ፣ እህል ሳይወደድ፣ ለክረምት የሚሆን ጤፍና ሽምብራ ገዝተው በጎተራቸው እንዲያስቀምጡ።